ቪፒኤኑ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ኢሜይሉስ?

(ኮምቦልቻ ላይ ለቢሮና ለፋብሪካ ሠራተኞች በተዘጋጀ የማታ መርሐ ግብር የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ብዙም ሳይነካ ተጽፏል።)

እንደምን አመሻችሁ! አሰላሙ አለይኩም! ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ከሥራ በቀጥታ እዚህ የገባችሁ አላችሁ፤ ራት ያልበላችሁም ትኖራላችሁ። ገና ወደ ደሴ የምትወጡም አላችሁ። አብሽሩ፣ ብዙ አላቆያችሁም። ሚኒባስ ሳይጠፋ እንጨርሳለን።

እስቲ እጅ አውጡ። ከቤት ሆናችሁ የቢሮ ኢሜይል ለመክፈት ሞክራችሁ እምቢ ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አያችሁ፣ እጁን ያላወጣውን መቁጠር ይቀላል። እሺ፣ አይቲ ጋ ደውላችሁ ምን አላችሁ? «ኢሜይሉ አልሠራ አለኝ»። አይቲውስ? «ሪስታርት አድርጊው»። (ሳቅ) ሪስታርት ተደረገ። ሠራ? አልሠራም። ከዚያ ሁሉም «ሲስተም የለም» ብሎ ተኛ።

እኔ የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። የምውለው እንደናንተ ካሉ ድርጅቶች ጋር ነው፤ ዋና ቢሮው አዲስ አበባ፣ ማምረቻው ኮምቦልቻ፣ ሠራተኛው ደሴ የሚያድር። እዚህ ከተማ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ስለዚህ ደሴ ቁጭ ብሎ የኮምቦልቻን ወይ የአዲስ አበባን ኢሜይል መክፈት ቅንጦት አይደለም። ደሞዝ ነው። የኮንቴይነር ሰነድ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። «አልሠራም» ከማለታችሁ በፊት «የት ላይ ቆመ?» በሉ። ልድገመው፤ የት ላይ ቆመ? ኢሜይሉ እናንተ ጋ እስኪደርስ በአራት ነገር ያልፋል። ኢንተርኔቱ አለ፣ ከቢሮው ጋር የሚያገናኛችሁ የተመሰጠረ መስመር ማለትም ቪፒኤኑ አለ፣ የሰርቨሩ ስም አለ፣ በመጨረሻ ኢሜይሉን የሚይዘው የቢሮው ኮምፒውተር፣ ራሱ የኢሜይል ሰርቨሩ አለ። የሚታዩትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ከመሀል ጀምራችሁ የነካካችሁ እንደሆነ ደህናውንም ታበላሻላችሁ። ገና እንደተቸገረ የኢሜይል ፕሮግራሙን፣ አውትሉክን፣ አጥፍቶ እንደገና መጫን የሚቀናው ሰው አለ፤ መቼም ከዚህ አዳራሽ አይጠፋም። እባክህ ወንድሜ፣ እባክሽ እህቴ፣ ተዉት። አንድም ቀን በዚያ ሲድን አላየሁም ባልልም፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ። ኢንተርኔት። ይሄ አጭር ነው። ቀድሞ ያልከፈታችሁትን ድረ ገጽ ክፈቱ፤ የከፈታችሁት ከሆነ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠውን አሮጌ ገጽ ሊያሳያችሁ ይችላል። መብራት ሄዶ ከመጣ ራውተሩ እስኪነሳ ትንሽ ታገሡት። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሩ። በሆትስፖት ሠርቶ በቤት ዋይፋይ እምቢ ካለ ቢሮው ንጹህ ነው፤ ጉዱ እቤታችሁ ነው። ይህን አንድ ነገር ለአይቲው ብትነግሩት ግማሽ ሥራውን ሠራችሁለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ2015 ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ስልካችሁ ላይ ያወረዳችኋቸው ነጻ ቪፒኤኖች አሁንም አሉ? አትዋሹኝ፣ አሉ። (ሳቅ) ያኛው ቪፒኤን ሌላ፣ የቢሮው ቪፒኤን ሌላ። ያኛው ማን እንደሆነ ወደማታውቁት ኩባንያ ሰርቨር ነው የሚወስዳችሁ። የቢሮው ግን ከላፕቶፓችሁ እስከ ቢሮው ድረስ የሚላከውን ሁሉ እየመሰጠረ፣ ደሴ ያለውን ላፕቶፕ ቢሮ ውስጥ እንዳለ አድርጎ የሚያስገባ ነው። ስልክ ላይ ሁለቱ አብረው አይሠሩም፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ መንገድ ይቀማማሉ። ለቢሮ ሥራ ስትቀመጡ ነጻውን አጥፉ። የኔን ምክር ከጠየቃችሁማ ጭራሽ አውጡት።

ሁለተኛ፣ ቪፒኤኑ ራሱ። ዊንዶውስ ላይ እምቢ ሲል ቁጥር ይጽፋል። ያቺን ቁጥር ማን ያነባታል? ማንም! ሁሉም «ዝጋ» የሚለውን ይጫናል። እባካችሁ ፎቶ አንሷት። 691 ካለ የተጠቃሚ ስም ወይ ፓስወርድ ነው። 868 ካለ ኮምፒውተሩ የቪፒኤን ሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ መቀየር አቅቶታል፤ ወይ ኢንተርኔት የለም፣ ወይ ስሙ ተሳስቶ ተጽፏል። 809 ካለ ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም፤ መሀል ላይ ያለ ፋየርዎል፣ ማለትም የኔትወርክ ዘበኛ፣ ወይ ራውተር ቪፒኤኑ የሚያልፍባቸውን ዩዲፒ 500 እና 4500 የሚባሉ በሮች እየዘጋ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የምትነግሩት አይቲ እጃችሁን ይስማል።

691 ሲመጣ ደግሞ ፓስወርዱን ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ብዙ ቢሮ ጥቂት ከተሳሳታችሁ በኋላ አካውንቱን ይቆልፈዋል። አንዳንዴ ደግሞ እናንተ ምንም አላጠፋችሁም። ላፕቶፕ ላይ ፓስወርድ ቀይራችሁ ስልካችሁ ላይ ያለውን ረስታችሁታል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ በአሮጌው ፓስወርድ ይሞክራል፣ ይሞክራል፣ ይሞክራል። አካውንቱ ይቆለፋል። አይቲው ይከፍተዋል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይቆለፋል። «ጠላት አለብኝ» ያለች ሠራተኛ አጋጥማኛለች፤ ጠላቷ የራሷ ስልክ ነበር።

አዲስ ስልክ ገዝታችሁ ቪፒኤን ማስገቢያው ላይ የቢሮውን ዓይነት ያጣችሁ ካላችሁ፣ ስልኩ አልተበላሸም። ፒፒቲፒ የሚባለው የድሮ ዓይነት ደኅንነቱ ስለማያስተማምን አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን አወጣው። አንድሮይድም ከ12ኛው ጀምሮ እሱንና ኤልቱቲፒ የሚባለውን ሌላ የቪፒኤን ዓይነት እንደ አዲስ ማስገባት ከልክሏል። ቢሮአችሁ ዛሬም በፒፒቲፒ የሚሠራ ከሆነ አለቆቻችሁን የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። ለምን አልተቀየረም? በሉ። ዋየርጋርድ የሚባለው አዲሱ የቪፒኤን ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል፤ ፈቃድ ግዙኝ አይልም።

አሁን ደግሞ እኛ አገር ብቻ የሚገጥም ጉድ ልንገራችሁ። ሰዓት። ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ተጠርቼ ሄድኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ ይሄ ቪፒኤን ሰርተፊኬት አይታመንም ይለኛል። ኢሜይሉም እንደዚያ። ባንኩም እንደዚያ። ሁሉም ነው የከዳኝ» አሉኝ። ከኮምፒውተሩ ጥግ ቀኑን አየሁት። 2016 ይላል። «ጋሼ፣ ይሄን ማን ቀየረው?» ብላቸው፣ «እኔ ነኛ! የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ላይ ቀኑ በፈረንጅ እየወጣ አስቸገረኝ» አሉ። አያችሁ? ሰርተፊኬት የሰርቨሩ መታወቂያ ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ነገር አለበት። ኮምፒውተሩ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያየው ገና ያልተወለደ ሰርተፊኬት ይሆንበታል። ታዲያ እንዴት ይመነው? ቀኑን አስተካከልኩ፣ ሁሉም ተከፈተ። ደረሰኙን ግን በሀበሻ ቀን እንዲያወጣ ፕሮግራሙ ላይ ነው ያስተካከልነው፣ እሳቸው ያሉትም እውነት ስለነበር።

ስድስት ሰዓቷም እንደዚሁ ናት። ላፕቶፑ ወይ ስልኩ ሁለት ሰዓት ሲል ሁለት ሰዓት እንዲሆንለት በእጁ የሚያዞር አለ። እሺ፣ ስልካችሁ ላይ ስድስት አሃዝ የሚሰጥ የማረጋገጫ ኮድ ትጠቀማላችሁ? ያ ኮድ የሚሰላው ከሰዓት ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ሰዓቱን አዙራችሁ ኮዱ ይሠራል ብላችሁ አትጠብቁ። የዊንዶውስ ሎግኢንም ከሰርቨሩ ጋር ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተራራቀ አይቀበልም። ስለዚህ ሰዓቱን በራሱ እንዲሞላ ተዉት። ዊንዶውስ የሰዓት ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ ካጣችሁ አትደንግጡ፤ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ። የሀበሻውን ሰዓት እጃችሁ ላይ እሰሩት።

ሦስተኛ። ቪፒኤኑ ተገናኘ። አረንጓዴ አበራ። ኢሜይሉ የለም። አብዛኛው ሰው የሚያብደው እዚህ ላይ ነው። «ተገናኝቷል ይላል እኮ!» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ተገናኝቷል። አረንጓዴው የሚለው መስመሩ ተዘርግቷል ነው። ኢሜይሉ በዚያ መስመር እየሄደ ነው አላለም። ታዲያ የት ላይ ቆመ?

የቢሮ ኢሜይል ሰርቨር ስም አለው። ያንን ስም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የቢሮው ዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው፣ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ቪፒኤኑን ይዞ ሳለ ጥያቄውን ለቤቱ ራውተር ካቀረበ «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ይባላል፤ አለቀ። መፈተኛው ቀላል ነው። ጥቁሯን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕት የምትባለውን፣ ክፈቱና ኤንኤስሉክአፕ (nslookup) ብላችሁ የሰርቨሩን ስም ጻፉ። የቢሮ አድራሻ ከመለሰ ስሙ ደህና ነው። «የለም» ካለ ወይም የማይመስል አድራሻ ካመጣ ችግሩ እሱ ነው። ስልክ ላይ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ»፣ ብራውዘር ላይ «ሴክዩር ዲኤንኤስ» የሚባለውን አብርታችሁ ከሆነ አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ እነሱ ቢሮውን አልፈው ውጭ ነው የሚጠይቁት። አውትሉኩ እየሠራ በብራውዘር የሚከፈተው ኢሜይል ብቻ እምቢ ካለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ከስሙ ጋር የምትመጣ አንድ ሌላ አለች፣ ይቺን በደንብ ስሙኝ። ደሴ ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ «ፒያሳ» ብትሉ ረዳቱ የት ያወርዳችኋል? የደሴ ፒያሳ! አዲስ አበባም ፒያሳ እንዳለ ያውቃል፤ ግን እዚያ ሊወስዳችሁ ነው እንዴ? ላፕቶፓችሁም እንደዚያው ነው። የብዙ ቤት ራውተር 192.168.1 በሚጀምር አድራሻ ይሠራል። የብዙ ቢሮም እንደዚሁ። እነዚህ አድራሻዎች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ማንም ሰው በግቢው ውስጥ እንዲጠቀምባቸው የተለቀቁ ናቸው፣ ስለዚህ ሁሉም ጋ አሉ። የኢሜይል ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ 192.168.1.10 ከሆነ፣ የናንተም ቤት በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ፣ ላፕቶፑ እቤት ውስጥ ነው የሚፈልገው። ቪፒኤኑን ዞር ብሎም አያይም።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖር የግዢ ሠራተኛ ቤት ይሄ ገጠመኝ። ቪፒኤኑ አረንጓዴ ነው። ፒንግ ሲደረግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰርቨሩ መልስ ይሰጣል! ኢሜይል ግን የለም። ታዲያ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ነው! ዋይፋይ ላይ ሲገባ ራውተሩ ያችኑ 10 ቁጥር ሰጥቶታል። ልጆቹ ካርቱን እያዩ አባትዬው ቴሌቪዥኑን ኢሜይል ስጠኝ ይላል። (ሳቅ) በሆትስፖት ሲሞክር ሠራለት፣ የሆትስፖቱ አድራሻ ሌላ ነዋ። መፍትሔው የቤቱን ራውተር ገብቶ 192.168.77 ወይ ሌላ ሰው የማይመርጠው ቁጥር ላይ ማድረግ ነው። ዘለቄታው ግን ቢሮው ቁጥሩን ይቀይር። አይቲ የሆናችሁ፣ አዲስ ቢሮ ስትዘረጉ 192.168.1ን አትንኩ፤ በኋላ የሁሉንም ሠራተኛ ቤት ስትዞሩ ትከርማላችሁ።

አራተኛ፣ ሰርቨሩ። እዚህ ላይ የተቆራረጠ ምልክት ነው የሚያስቸግረው። ይቀበላል፣ አይልክም። ወይም ይልካል፣ ግን ትልቁን አይልክም። ሁለቱን ለዩልኝ፤ ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

ይቀበላል፣ አይልክም። አንዲት ትራንዚተር «ለመሥሪያ ቤቴ ሰው ስልክ ይደርሳል፣ ለደንበኛ ስልክ ተመልሶ ይመጣል» አለችኝ። የተመለሰውን አስነበብኳት፤ «ሪሌይ» የሚል ቃል አለበት። ይህን ስታዩ ላፕቶፓችሁን አትንኩ። ሰርቨሩ ለውጭ ሰው የሚያደርሰው ከቢሮው አድራሻ ለመጣ ብቻ ነው፤ ለቪፒኤን ገቢዎች የተሰጠው አድራሻ ግን ዝርዝሩ ላይ የለም። የሚያስተካክለው አይቲው ነው። ደህናው መንገድ ደግሞ ሁሉም በ587 በር በስሙና በፓስወርዱ እንዲልክ ማድረግ ነው። 25 ቁጥርን ተዉት፤ እሱ ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገርበት ነው፣ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢም ለተራ ደንበኛ ይዘጋዋል።

ሁለተኛዋ ናት የኔ ተወዳጅ። ደሴ የምትኖር የሒሳብ ሠራተኛ፣ ወር መጨረሻ፣ የደሞዝ ዝርዝር። «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» የምትል ኢሜይል ትሄዳለች። የደሞዙ ኤክሴል ግን አውትቦክስ ውስጥ ተቀምጦ አይነቃነቅም። የሚመጡትም ርዕሳቸው ይታያል፣ ሲከፈቱ ይንቀራፈፋሉ፣ ይቆማሉ። «ፋይሉ ከብዶ ነው» አሏት። ፋይሉ እኮ ሜጋባይት አይሞላም! «ኔትወርኩ ደክሞ ነው» አሏት። ዩቲዩብ ጥርት ብሎ ይታያል! እሷም አልተቀበለችም፣ ልክ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚላክ ነገር በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚሄደው። የአንዱ ቁራጭ ትልቁ ልክ በተለምዶ 1500 ባይት ነው። ቪፒኤን እያንዳንዱን ቁራጭ ሲመሰጥር የራሱን ነገር ይጨምርበታል፤ እንደ ዓይነቱ ብዙ አሥር ባይት ይወስዳል። ዋየርጋርድ ይህን አውቆ ከመጀመሪያው 1420 ላይ ይቀመጣል። ፒፒፒኦኢ የሚባለው የመስመር ዓይነት ደግሞ በራሱ 8 ባይት ይወስዳል። ታዲያ ሙሉ ቁራጭ ሲሆን ከልኩ ያልፋል። ትንሿ ኢሜይል ቁራጭ አትሞላም፣ ታልፋለች። ኤክሴሉ ይሞላል፣ ይቀራል። ደግ መንገድ ቢሆን መሀል ያለው ራውተር «በዝቷል፣ ቀንስ» ብሎ ይመልስ ነበር። አንዳንድ ቢሮ ግን ፒንግ አደገኛ ነው ተብሎ ያንን መልእክት ጭምር ፋየርዎሉ ላይ ዘግቶታል። ስለዚህ ላፕቶፑ ይልካል፣ ይጠፋል። እንደገና ይልካል፣ ይጠፋል። ማንም «ቀንስ» የሚለው የለም። አይቲዎች፣ ይህን በጅምላ መዝጋት ተዉ! ጥንቃቄ አይደለም፤ የደሞዝ ቀን ሰው ማስለቀስ ነው።

የሷ መስመር በፒንግ ሲፈተን 1472 ባይት አላለፈም፤ ዝቅ እያደረግን 1372 ላይ አለፈ። ከዚያ ላይ ፒንጉ ራሱ የሚወስደውን 28 ባይት ስትጨምሩ 1400 ነው። የቪፒኤኑን ኤምቲዩ፣ ማለትም የቁራጩን ትልቁን ልክ፣ 1400 አደረግነው፣ አውትቦክሱ ዓይናችን እያየ ባዶ ሆነ። ለሁሉም ሠራተኛ የሚሆነው ግን አይቲው ቢሮ ያለው ፋየርዎል ላይ ኤምኤስኤስን፣ ማለትም በአንድ ቁራጭ የሚጫነውን ዳታ ልክ፣ ዝቅ ቢያደርገው ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ላፕቶፑን መንካት የለበትም።

እውነት ፋይሉ የከበደበትም ጊዜ አለ፣ ልብ በሉ። አባሪ በኢሜይል ሲሄድ በፊደል ስለሚጻፍ ሲሶ ያህል ይጨምራል። 20 ሜጋ ያላችሁት 27 ገደማ ይሆናል። ጂሜይል 25 ላይ ያቆማል። የስካን ሰነድ የምትልኩ ትራንዚተሮች፣ በከለር ከምትቃኙት በጥቁርና ነጭ ቃኙት፤ ጉምሩክ ማኅተሙ እንዲነበብ እንጂ እንዲያምር አልጠየቀም። ከለር ግድ ነው ካሏችሁ ጥራቱን ዝቅ አድርጉት።

ከፊት የተቀመጥሽው እጅሽን አውጥተሻል፣ ቀጥይ። «ሁሉንም አድርጌ ባይሆንስ፣ ለአይቲ ምን ብዬ ልጻፍ?» ጥሩ ጠየቅሽ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፤ «ቤት ነኝ፣ በዋይፋይም በሆትስፖትም ሞክሬያለሁ። ቪፒኤኑ ይገናኛል። ስሙ ይህን አድራሻ ይሰጣል። እቀበላለሁ፣ አልልክም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው። ፎቶው ተያይዟል»። ሰዓቱን ጻፊ፣ አይቲው ሰርቨሩ መዝገብ ላይ ያችን ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ሀበሻ ሰዓት መሆኑንም ጻፊለት፣ አለዚያ በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ሲፈልግ ያድራል። ፓስወርድሽን ግን እንዳትጽፊ። አይቲው ቢጠይቅሽም እንዳትሰጪ።

በሉ አሁን ላፕቶፕ የያዛችሁ አውጡ። ከቢሮአችሁ ቪፒኤን ጋር ተገናኙ። ጥቁሯን መስኮት ክፈቱና ፒንግ ብላችሁ ጻፉ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤል፣ ክፍት ቦታ፣ 1472፣ ከዚያ የሰርቨሩ አድራሻ። ኤሏ ትንሿ ፊደል ናት እንጂ አንድ ቁጥር አይደለችም፣ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የምትሳሳቱት። መልስ ከመጣላችሁ ደህና ናችሁ፣ ሻይ ጠጡ። ያልመጣላችሁ አሥር አሥር እየቀነሳችሁ ሞክሩ፤ እኔ በወንበሮቹ መሀል እየዞርኩ አያለሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ ወደ ደሴ የምትወጡትን አስቀድሙልኝ።